ለማንጎ ዛፍ የጎበጠው ሆቴል

ጣልያን አይደለም የሠራው። ይህን መጀመሪያ ልናገረውና ይውጣልኝ፤ ሰልችቶኛል። ያን አሮጌ ሆቴል ያየ ሁሉ፣ ባጃጅ ነጂውም፣ ከዩኒቨርሲቲው የሚመጣው አስተማሪም፣ ወደ ግድቡ ሲያልፍ አሶሳ የሚያድረው ሠራተኛም «ይኼ የጣልያን ቤት ነው አይደል?» ይለኛል። አይደለም እላለሁ። «አይ አባባ፣ እንዲህ ያለ አሮጌ ቤትማ የጣልያን ነው» ይለኛል መልሶ። ካወቅኸው ታዲያ ለምን ትጠይቀኛለህ?

የሠራነው እኛ ነን። መሠረቱ ድንጋይ ነው፤ ግድግዳው ቀርከሃና ጭቃ ነው፤ ላዩ በሲሚንቶ ተለስኖ ነው ድንጋይ የመሰለው። ድንጋዩን የደረደርኩት፣ ጭቃውንም የረገጥኩት እኔ ነኝ። ከመንገድ ላይ ሲያዩት ደህና ቤት ነው። በትልቁ በር ገብተው ግቢው መሐል ሲቆሙ ግን የኋላው ረድፍ እንደ ማጭድ ጎብጦ ያገኙታል። ከመጀመሪያው ክፍል ደጅ የመጨረሻው ክፍል አይታይም። እንግዳ ይህን ሲያይ ይስቅና «ግንበኛው ጠጥቶ ነበር እንዴ?» ይላል። ጠጥቼ አላውቅም። እኔ ሙስሊም ነኝ።

የጎበጠበትን ምክንያት እነግራችኋለሁ። እኔ ብዙ አልተማርኩም፤ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ እሱንም እያቋረጥኩ። ስለዚህ የሚነበበው እንደ ወሬ ነው።

በድርቁ ጊዜ ደርግ ከወሎ በመኪና ጭኖ አምጥቶ እዚህ ካራገፋቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። የሰፈርንበት መንደር ስም አልነበረውም፣ ቁጥር ነበር የተሰጠው። እዚያ አረስኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። ደርግ ሲወድቅ መንደሩ ተበተነና እኔም ከነባለቤቴ ወደ ከተማ ገባሁ። ድንጋይ መደርደር ከአባቴ የለመድኩት ስለሆነ ሥራ አላጣሁም።

ሆቴሉን ያሠራው ሰው የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ሀብታም ከሆነም በኋላ አገሩ ሁሉ «ሹፌሩ» እንዳለው ሞተ፤ እኔም ሹፌሩ እለዋለሁ። ከአዲስ አበባ ሱዳን ድንበር ኩርሙክ ድረስ ሲመላለስ አሶሳ ላይ ደህና አልጋ አጥቶ ጋቢና ውስጥ ሲተኛ ወገቡ ተበላሸ። «ለወገቤ ስል ነው ሆቴል የሠራሁት» ይል ነበር። ቦታውን የለቀቀለት አንድ የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌው ቤቱን አንስቶ ከአጥሩ ጀርባ ሊገባ፣ ሹፌሩ ደግሞ አዲሱን ቤት ሊሠራለት ተስማሙ። ሁሉም ካለቀ በኋላ፣ ዱዓ ተደርጎ ሰው ሊነሣ ሲል ሽማግሌው እጁን ወደ ግቢው መሐል ዘረጋ።

«ማንጎው ግን የእኔ ነው።»

ሹፌሩ ሣቀ። «ዛፍ ያለ መሬት የት ይቆማል፣ ሼኽ?»

«መሬት የአላህ ነው። ዛፉን ግን የተከልኩት እኔ ነኝ።»

እዚህ አገር ደንቡ እንዲህ ነው። የሰው መሬት ላይ የሰው ዛፍ ይቆማል። ቦታው ሦስት እጅ ቢያልፍ ዛፉ የተካዩ ነው፤ እሱ ሲሞት የልጆቹ ነው። እኛ ደገኞቹ ይህን ስንሰማ ቀልድ ይመስለን ነበር። ቀልድ አለመሆኑ ለሹፌሩ የገባው ሽማግሌዎቹ ሁሉ አንድ ላይ ራሳቸውን ሲነቀንቁ ነው። እሺ አለ። ባለዛፎቹ መግቢያ እንዳያጡ ከኋላ በኩል በር ሊተውላቸው፣ በሩም እንዳይቆለፍ ቃል ገባ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «በል ዙረው» አለኝ። ዞርኩት። ቤቱ ጎበጠ። ታሪኩ ይኼ ነው እንግዲህ፤ ጣልያን የለበትም።

ያ በር ስንት ዓመት አቃጠለኝ! ቤቱ ሲያልቅ ሹፌሩ «ቤቱን እንዳንተ የሚያውቀው የለም» ብሎ ጠባቂም ጠጋኝም አድርጎ አስቀረኝ፤ ጫፍ ላይ ያለችውን ክፍል ለእኔና ለባለቤቴ ሰጠን። እስቲ አስቡት፤ የማይቆለፍ በር ያለው ሆቴል ጠባቂ ሁን ሲሉህ! በዚያ በር የማይገባ የለም። ፍየል ይገባል። ዶሮ ይገባል። አንድ የጤና ባለሙያ ነጭ ጋውኗን አጥባ ገመድ ላይ ብታሰጣ ፍየል እጅጌውን በልቶት አገኘችው። የተጣላችው ከእኔ ነው እንጂ ከፍየሉ አይደለም። ሹፌሩን ቁልፍ ግዛ ብለው «ቃሌን?» ይለኛል። ቃሉ የእሱ፣ ስድቡ የእኔ።

ዛፉ ደግሞ አለ። የማንጎ ወቅት ሲደርስ ፍሬው ቆርቆሮው ላይ ሲወድቅ ድንጋይ የተወረወረ ነው የሚመስለው። በክልሉ ተኩስ በበዛበት በዚያ ክፉ ሰሞን፣ ሰው በትንሹ በሚደነግጥበት ወቅት፣ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ምሳውን እየበላ አንዱ ማንጎ ከላዩ ቢጮህ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ አልወጣም አለ። ማንጎ ነው ብለው አላመነኝም። ፍሬውን አምጥቼ አሳየሁት። «ይኼማ ሌላ ነው» አለኝ። ቆርቆሮው ይሰረጎዳል፣ ክረምት ሲመጣ የተሰረጎደው ያፈስሳል፣ እኔ እወጣለሁ፣ ሬንጅ እቀባለሁ። በዓመቱ እንደገና።

ቤቱ በጊዜው ያላሳደረው ሰው የለም። ወታደር አድሯል። ከሱዳን ወዲህ ሰሊጥና ሳሙና የሚያመላልስ ነጋዴ አድሯል። ከደጋ የተመደቡ አስተማሪዎች ደግሞ ቤት እስካገኝ እያሉ ይገቡና ዓመት ተቀምጠው፣ ሚስት አግብተው፣ ከዚያው ሠርገው ይወጣሉ። ሲገቡ ሙቀቱ ያስለቅሳቸዋል። ክፍሎቹን ሹፌሩ በእኛ በደጋው ልማድ መስኮታቸውን ጠባብ አድርግ ስላለኝ ውስጣቸው ምድጃ ነው። ስለዚህ ሁሉም አልጋውን እየጎተተ ዛፉ ሥር ያወጣል። ጠዋት ስነሣ ግቢው ሆስፒታል መስሎ አገኘዋለሁ። አንሶላ አፈር ለብሷል፣ የሚያጥበው ባለቤቴ ነች። እሷ አላህ ይዘንላትና አንድ ቀን አማርራ አታውቅም፤ የእሷንም እኔ ነኝ ያማረርኩላት።

አንድ ክረምት ያ አሮጌ ዛፍ በቀን በነፋስ ወደቀ። መሐል ላይ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ጨፈለቀ፤ ሰው አልነበረባቸውም፣ ተመስገን። ተካዩ ሽማግሌ ከዚያ ቀደም ብሎ ሞቷል። ሚስቱና ዘመዶቿ በኋላ በር መጡ፣ ግንዱን ቆራርጠው ወሰዱ። ሹፌሩ ደስ አለው። «ተገላገልን!» አለኝ። የወደቁትን ክፍሎች በድሮው መሠረት ላይ መልሰን ሠራናቸው፤ መሠረቱ ደህና ስለነበረ ለማቅናት ብሎ የሚያፈርሰው የለም። በጋው ሲመጣ ግን ግቢው ነደደ። በርሜል ውስጥ ያለው ውሃ እጅ ያቃጥላል። አልጋ አውጥቶ የሚተኛበት ጥላ የለም። እንግዳ ሸሸ። ሹፌሩ መጥቶ «ኧረ አንድ ነገር ትከል» አለኝ።

ልብስ ማጠቢያው አጠገብ፣ ሰው በልቶ ከጣለው ፍሬ አንድ የማንጎ ችግኝ በቅሎ ነበር። ነቀልኩና የድሮው ዛፍ ጉድጓድ ውስጥ አስገባሁት። ከፍየሎቹ ለማዳን በእሾህ አጠርኩት። ከዚያ የእጣቢውን ውሃ እያፈሰስኩ ረሳሁት። ይኼው ነው። እንደ ትልቅ ነገር የምናገረው አይደለም።

ዛፉ አድጎ ፍሬ በያዘ ዓመት የሟቹ ሽማግሌ ሚስት ጫፉ ላይ ከረጢት የታሰረበት ረጅም ቀርከሃዋን ይዛ በዚያ በር ገባች። አገሩ ሁሉ «ሐቦባ» ነው የሚላት፤ በሱዳኖቹ ዐረብኛ አያት ማለት ነው። በዕድሜ እምብዛም አትበልጠኝም፣ ግን እኔም ሐቦባ እላታለሁ፣ ምን ላድርግ።

«ሐቦባ፣ ዛፍሽ እኮ ወድቋል» አልኳት።

«አይቻለሁ» አለችና መልቀሟን ቀጠለች።

ለሹፌሩ ነገርኩት። «ተዋት። ከባሏ ጋር የገባሁት ቃል ነው» አለ። ይኼውና፣ ዛፍ ወድቆ ቃል አይወድቅም! ተውኳት። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ መጣች። በየዓመቱም በለቀመች ቁጥር አንድ ቅርጫት ሙሉ ማንጎ ደጄ ላይ ትታልኝ ትሄዳለች። በወቅቱ ለአሶሳ ሰው ማንጎ መስጠት ለግድቡ ውሃ እንደማበደር ነው። አህያው ሳይቀር ጠግቦታል። ይፈስሳል፣ ዝንብ ይወርሰዋል፣ ንብ ይመጣበታል። «ሐቦባ፣ ደጄን ቆሻሻ መጣያ አደረግሽው እኮ!» ስላት «እሺ ወሎ» ትለኛለች። ስሜን ታውቀዋለች፣ ግን ወሎ ነው የምትለኝ። በሚቀጥለው ዓመት ቅርጫቱ እዚያው ነው።

ባለቤቴ በዚያች ክፍል ሞተች። ሹፌሩም ሞተ። ከመሞቱ በፊት ሲያመው ከማንጎው ሥር ወንበር አውጥቼለት አብረን እንቀመጥ ነበርና አንድ ቀን «ክፍልህ እስክትሞት ያንተ ነው፤ ማንም አያስወጣህም» አለኝ። ወረቀት አልጻፈም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ባምባሲ ያገባች ልጅ አለችኝ። ስትደውል ወሬዋ አንድ ነው። «አባዬ፣ ከዚያች ጎጆ ውጣና እኔ ጋ ና።» ቤቷን አይቼዋለሁ። የምተኛው ሳሎን ውስጥ ሶፋው ላይ ነው። ሶፋው ፊት ለፊት ቴሌቪዥኑ አለ። ልጆቿ ሲመሽ ፊልም ያያሉ፣ እግሬን ሰብስቤ አሳልፋቸዋለሁ። እኔ የራሴን በር ከፍቼ ወጥቼ የራሴን በር ዘግቼ የገባሁ ሰው ነኝ። ክፍሌ ብትፈርስ የሚጠብቀኝ ያ ሶፋ ነው። ሌላ ቤት የለኝም።

እንግዲህ አምና የሹፌሩ ልጅ ከአዲስ አበባ መጣ። ክፉ ልጅ አይደለም፣ ይህንን መመስከር አለብኝ፤ ሲያየኝ ጎንበስ ብሎ ነው የሚጨብጠኝ። ግን ቸኩሏል። ግድቡ አልቋል፣ እንግዳ ይመጣል፣ አሶሳ ከተማ ሆናለች ይላል። አሮጌውን ቤት ሙሉ በሙሉ አፍርሶ ፎቅ ሊሠራ፣ ሊፍት ሊያስገባ ነው። መሐንዲስ አምጥቶ አስለካ። መሐንዲሱ ሲለካ ሲለካ ማንጎው መሐል ላይ ቆመበት። ልጁ ለመቁረጥ ሲጠይቅ ከከተማው ማዘጋጃ ቤት «ዛፉ ባለቤት አለው፤ መጀመሪያ ከባለቤቱ ተስማማ» ተባለ።

«አባባ» አለኝ፣ «እርስዎ ሴትየዋን ያውቋታል። እባክዎን ያነጋግሩልኝ። እሺ ካለች ከአዲሱ ቤት ከታች ለእርስዎ አንድ ክፍል አለ።»

«አባትህ ቃል ገብቶልኛል» አልኩት።

«አውቃለሁ አባባ፤ እኔም እኮ ክፍል አለ ነው ያልኩት። ዛፉ ካልተነሣ ግን ሁሉም ነገር ቀረ። ዘግቼው ነው የምሄደው፣ እርስዎም ባዶ ግቢ ውስጥ ምን ይሠራሉ?»

ዛፉን እኔም ከእሱ በላይ ነበር እንዲቆረጥ የምፈልገው። ስለዚህ ሄድኩ። ሐቦባ ደጇ ላይ ባሚያ ለማድረቅ እየከተፈች ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም ሐቦባ።»

«ወአለይኩሙ ሰላም። ወሎ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ተሰረቀ?»

«ምንም አልተሰረቀም።»

«እንግዲያው ፍየል ነው።»

«ፍየልም አይደለም። ስለ ማንጎው ነው።»

«ገና አልበሰለም።»

«አውቃለሁ አልበሰለም! አዳምጪኝ እስቲ!»

ቢላዋዋን አስቀመጠች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ፎቁን፣ ሊፍቱን፣ ለእኔ የተባለውን ክፍል። ካልፈቀድሽ እኔም ሜዳ ላይ መውደቄ ነው አልኳት። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማችኝ።

«እኔን ነው የምትጠይቀው?» አለች።

«አንቺን ነዋ! ሌላ ማንን?»

ሣቀች። እስኪያስላት ድረስ ሣቀች። እኔ እዚህ ቤቴ ሊፈርስብኝ ነው፣ እሷ ትስቃለች። ከዚያ እንባዋን በሻሿ ጠረገችና «ሽማግሌ ጥራ» አለችኝ። «ይህን ነገር ብቻችንን አንነጋገርም። ሰው ይስማ።»

ደሜ ፈላ። አዎ ወይም አይሆንም ማለት የሚችል አንድ አፍ ይዛ ሽማግሌ ትለኛለች! ግን ምን አማራጭ አለኝ። ሁለት የበርታ ሽማግሌዎችና ከእኛ ከሰፋሪዎቹ አንድ ሽማግሌ ጠራሁ። ከዙሁር ሶላት በኋላ ማንጎው ሥር ተቀመጥን። የሹፌሩ ልጅ የፕላስቲክ ወንበርና ለየሰው የታሸገ ውሃ አቀረበ። መሐንዲሱም የተጠቀለለ ወረቀቱን ይዞ ዳር ላይ ቆመ። ዱዓ ተደረገ። ልጁ ጉዳዩን ደህና አድርጎ አስረዳ፤ ረጋ ብሎ ተናገረ፣ ማንንም አላስቀየመም። ትልቁ ሽማግሌ ወደ ሐቦባ ዞረ።

«ምን ትያለሽ?»

«እኔ ምን እላለሁ?» አለች። «ዛፉ የእኔ አይደለም።»

የውሃ ጠርሙሷን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«የእኔ ባል የተከለው ወደቀ። እንጨቱን አነደድን፣ አለቀ። ይኼን የተከለው ይኼ ወሎ ነው። በእጁ ተከለ፣ በእሾህ አጠረ፣ ውሃ ሰጠ። እኔ በአጥር አይቻለሁ።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ነህ የተከልከው?»

«ተክያለሁ፤ ግን የታዘዝኩት…»

«ጉድጓዱን ማን ቆፈረ?»

«ጉድጓዱማ የድሮው ነበር፤ እኔ…»

«ችግኙ በማን እጅ ገባ?»

«በእኔ።»

«እንግዲያው ያንተ ነው። ‹ግን› የሚባል ነገር የለውም።»

ወደ ሴትየዋ ዞርኩ። «ታዲያ አንቺ ይህን ሁሉ ዓመት ስትለቅሚ የኖርሽው በምን ደንብ ነው?»

«በእኩል ነዋ» አለች፣ ሕፃን እንደምታስረዳ። «አንተ አትለቅምም። ፍሬ ዛፍ ላይ ሲበሰብስ ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ እኔ ለቀምኩ። ግማሽ የለቃሚ፣ ግማሽ የተካይ። ያንተን ግማሽ ደጅህ ላይ አላስቀመጥኩም?»

«ደጄ ላይ… ያ ቅርጫት…!»

«በየዓመቱ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩና አንደኛው እጁን ጉልበቴ ላይ አሳረፈ። «እኛ እኮ ስናመሰግንህ ነው የኖርነው» አለኝ። «ያ ወሎ ይጮሃል፣ ይሳደባል፣ ግን አንድ ቀን ድርሻዋን ከልክሏት አያውቅም እንል ነበር።»

«ሐቦባ፣ ምነው ታዲያ አንድ ቀን ብትነግሪኝ!» አልኩ። ጮኼ ነው ያልኩት።

«ምን ብዬ? ዛፍህ ያንተ ነው ብዬ? ልጅህ ያንተ ነው ተብሎ ለሰው ይነገራል?»

ከዚህ ሕዝብ ጋር ስንት ዘመን ኖርኩ። በሠርጋቸው በልቻለሁ፣ በለቅሷቸው ተቀምጫለሁ፣ አብሬያቸው ሰግጃለሁ። መሬትና ዛፍ የተለያየ መሆኑንም ሳውቅ ኖሬያለሁ፤ ስንት ጊዜ ለእንግዳ አስረድቻለሁ! እኔንም እንደሚጨምር ግን አንድ ቀን አላሰብኩም። ደንቡ የእነሱ ብቻ መስሎኝ ነበር። ሰፋሪ ቢተክል የማን ይሆናል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልግ ነበር፣ እኔ ደግሞ አልጠየቅሁም፣ እነሱም መልሱ የታወቀ ስለሆነ አልነገሩኝም። እንዲህ ያለ ነገር ያናድዳል። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

የሹፌሩ ልጅ ግን ፊቱ በራ። «በቃ እኮ አለቀ! አባባ፣ የእርስዎ ነው! ሌላ ማንንም መለመን የለብንም!» ብሎ ተነሥቶ ሊያቅፈኝ መጣ። መሐንዲሱም ወረቀቱን መዘርጋት ጀመረ።

«እስቲ ቆይ» አልኩ። «የእኔን ክፍል አሳየኝ።»

መሐንዲሱ ወረቀቱ ላይ ጣቱን አንቀሳቀሰ። እዚህ እንግዳ መቀበያ ነው፣ እዚህ ደረጃው ነው፣ እዚህ ጄኔሬተሩ ነው አለ። ጣቱ ዞሮ ዞሮ ቆመ፤ ልጁን አየው።

«ገና ወረቀቱ ላይ አልገባም» አለ ልጁ። ዋሸ አልልም። ዓይኔን እያየ ነው የነገረኝ። «ግን አያለሁ፤ ከደረጃው ሥርም ቢሆን አንድ ነገር አያለሁ አባባ።»

አያለሁ። ሰው «አያለሁ» በሚባል ክፍል ውስጥ አይተኛም። ሶፋው ፊቴ ድቅን አለብኝ፤ ቴሌቪዥኑም፣ እግር መሰብሰቡም።

«ዛፉ አይቆረጥም» አልኩ።

«ምን?»

«ሰምተኸኛል።»

«አባባ፣ እርስዎ እኮ ይህን ዛፍ ይጠሉታል! ልጅ ሆኜ ለክረምት ስመጣ ‹አንድ ቀን አቃጥለዋለሁ› ሲሉ ሰምቼዎታለሁ።»

«አሁንም እጠላዋለሁ። ግን ዛፉ ከቆመ የኋላው ረድፍ ይቆማል፣ ረድፉ ከቆመ እኔ ክፍሌ ውስጥ ነኝ። ምኑ ነው ያልገባህ?»

«እኔ እኮ ዛፉን ሳልነካ ክፍሎቹን ማፍረስ እችላለሁ!» ድምፁ ከፍ አለ፤ እሱም ደሙ ፈላ። «ቤቱ የአባቴ ነው!»

«አባትህ ‹እስክትሞት ያንተ ነው› ብሎኛል።»

«ማን ሰማ?»

ይኼን ነው የፈራሁት። ሹፌሩ ሞቷል፣ ባለቤቴ ሞታለች፣ ወረቀት የለም።

«እኔ ሰምቻለሁ» አለች ሐቦባ። «እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው ያለው። ታሞ ነበር። እኔ በሩ ጋ ነበርኩ።»

ያን ጊዜ ደስ ሊለኝ ሲገባ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ይቺ ሴት በአጥር ያላየችው፣ በበር ያልሰማችው ምን አለ? ባለቤቴን ስቆጣትም ሰምታ ይሆናል። ስጸልይም ሰምታ ይሆናል። ግን በዚያ በር ባትቆም ኖሮ ዛሬ ባምባሲ ነበርኩ፣ ይህንንም አውቃለሁ።

ሽማግሌዎቹ ረጅም ጊዜ አወሩ። የተወሰነው ይኼ ነው። የሹፌሩ ልጅ በመንገዱ በኩል ያለውን ፊተኛውን ክፍል ሁሉ አፍርሶ ፎቁን እዚያ ይሠራል። የጎበጠው ረድፍ እኔ እስክሞት አይነካም፤ ከዚያ በኋላ ከዛፉ ወራሾች ጋር ይነጋገር። ልጁ ፊቱ እንደጠቆረ እሺ አለ። ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ ጣቱን ወደ እኔ አነሣ።

«አንተም ደግሞ፣ ዛፍህ የሰው ጣሪያ እየጎዳ ነው። ቆርቆሮውን ከእንግዲህ በራስህ ታሠራለህ።»

«ምን? እኔ እኮ ነኝ በየዓመቱ…»

«በደሞዝ ነበር የምትጠግነው። አሁን እንደ ባለዛፍ ነው።»

የሹፌሩ ልጅ ያን ጊዜ ብቻ ፈገግ አለ። ይሁንለት።

አሁን ፊተኛው ክፍል ፈርሷል። ያን ድንጋይ እኔ ነበርኩ የደረደርኩት፤ ሲነቅሉት ቆሜ አየሁ፣ ማሽኑ እንኳን ሁለት ጊዜ ተመልሶ ነው የነቀነቀው። ጧት ማታ ሲሚንቶ የሚያቦካው ማሽን ይጮሃል። አቧራው ከሻዬ ውስጥ ይገባል። የተሰቀለ ልብሴ ሁሉ ግራጫ ሆኗል። ልጁ ብዙ ቀን አኩርፎኝ ሰነበተ፤ አሁን ሲያልፍ ሰላም ይለኛል፣ እኔም እመልስለታለሁ። መሐንዲሱ የዛፉ ሥር እስከ የት እንደሚሄድ ይጠይቀኛል። እኔ ምን አውቃለሁ? የዛፍ ባለቤት ከሆንኩ ገና ዓመት አልሞላኝም።

ወሬው ባምባሲ ደርሶ ልጄ ደወለች። በሳምንት አንዴ የምትደውለው በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ደወለች።

«አባዬ፣ ዛፍ አለህ የሚሉት እውነት ነው?»

«አለኝ።»

«ለእኛ ነው ማለት ነው በኋላ?»

«ገና ቆሜ ነው የምሄደው እኮ።»

«ኧረ እንደሱ ማለቴ አይደለም! በል አሁንስ ና፣ በዚያ አቧራ ውስጥ ሳንባህ ይታመማል። ሶፋውን ትልቅ አድርገን ለውጠነዋል፤ የሚዘረጋ ነው፣ እንደ አልጋ።»

«አልመጣም።»

«አሁን ደግሞ ምን ምክንያት አመጣህ?»

«ማንጎው እየበሰለ ነው። ሐቦባ ጉልበቷን አሟታል፣ ዘንድሮ መልቀም አልችልም ብላለች። ማን ይለቅመዋል?»

«አንተ? በዚህ ዕድሜህ?»

«ታዲያ ዝንቡ ይልቀመው?» አልኳትና ዘጋሁት። ቀርከሃውን ከሐቦባ ተዋስኩ። ከረጢቱ ጫፉ ላይ እንዴት እንደሚታሰር እስኪገባኝ ድረስ ወንበር አውጥታ ተቀምጣ «እንደዚያ አይደለም፣ ወሎ፤ እንደዚያ አይደለም» ስትለኝ ዋለች።